ስሙን ብቻ መልሺ

ብሬስት መንደር፣ ፌብሩዋሪ 9

አይደለሁም! ሌባ አይደለሁም አጎቴ ራስትኮ፤ ይቺን ቃል ዛሬውኑ መልሰው ይዋጧት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጠረቀሙብኝ። እሺ። ደብዳቤ ግን አይጠረቀምም፤ ቁጭ ብለው ያነቡታል።

እናቴ ትከሻዬ ላይ ቆማ «ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ የክስ ወረቀት ነው» ትላለች። ይሁን። የሆላንድ ብርድ አይንካዎት፣ ጉልበትዎ ይጽና፣ ቤትዎ ሳቅ አይጣ። እኛ ደህና ነን። እናትዎ እማማ ዴሳንካ ከሁላችንም በላይ ደህና ናቸው፤ ትናንት የጎረቤት ውሻ በድንጋይ ሲያባርሩ አይቻቸዋለሁ። ሰላምታው አለቀ። ወደ ጠባችን እንመለስ።

ማን እንደሆንኩ ከረሱ፣ አያቴና እናትዎ የእኅትማማች ልጆች ናቸው። መጨረሻ ብሬስት የመጡ ጊዜ ጠረጴዛ ሥር ገብቼ የጫማዎን ክር ከወንበሩ እግር ጋር ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ ስታሻ። አሁን አሥራ ሰባት ሞልቶኛል። ትምህርት ቤቱን ትቼዋለሁ፤ ወይም እሱ ትቶኛል። የፊዚክስ አስተማሪው «ወይ እሷ ወይ እኔ» ሲሉ ዳይሬክተሩ ብዙም አላሰቡበትም።

እናትዎ «ልጄ ወንዝ የሚጠብቅ አውሬ ሠራ» ሲሉ ጃጅተዋል ብለን እንስቅ ነበር። አንድ ቀን ቤት ቁጭ ብዬ ሲሰለቸኝ ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ አገኘኋት፤ ቪድራን፣ ጎርፍ ሲመጣ የምታስጠነቅቀውን የድርጅታችሁን ሣጥን። ደረቷን ከውሃ አውጥታ ቀና ያለችውን የወንዝ አውሬ ምስል አየሁ። ፕሮግራሙን ከፈትኩት። አናቱ ላይ ምን ተጽፏል? እርስዎ ነዎት የጻፉት፣ እኔ አይደለሁም፦ «ውሰዱት። አንብቡት። ቀይሩት። አባዙት። ብትፈልጉ ሽጡት። እኛን አትጠይቁ።»

እውነቱን ልንገርዎ፤ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እኔን በሕይወቴ ማንም «አትጠይቂን» ብሎኝ አያውቅም፤ ሁሉም «ማን ፈቀደልሽ» ነው የሚለኝ። ደግሞ ከእያንዳንዷ መስመር ጎን ማን እንደጻፋት አለ። ከማላውቀው አገር ሁሉ ሰው አለበት። ባንግላዴሽ ያለ ሸፊቁል የሚባል ሰውዬ አንዲት መስመር አስተካክሎ ከጎኗ እንዲህ ብሏል፦ «በእኛ መንደር ይህቺ መስመር ዘገየች። ከእንግዲህ አትዘገይም።» በቃ። ምን እንደዘገየበት አልጻፈም። ማንን እንዳጣ አልጻፈም። እኔ እዚህ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ደጋግሜ አነበብኩት።

እኔም ወሰድኩ፣ ቀየርኩ፣ አባዛሁ። የእናንተ ሣጥን ኢንተርኔት ካላገኘ አይሠራም፤ በእኛው በግራቦቪጻ ወንዝ ላይ ደግሞ ኢንተርኔቱ ከቄሱ ስብከት የባሰ ይቆራረጣል። ስለዚህ በተጣለ አሮጌ ስልክ እንዲሠራ አደረግኩት። ከድልድይ ሥር የምትንጠለጠል መለኪያ ወደ ውሃው ድምፅ ትልካለች፣ ሲመለስላት ትለካለች፣ ውሃው ከፍ ካለ ለታችኛው መንደር በአጭር መልእክት ታቀብላለች። ከዚያ ሣጥኑ በእርስዎ በራስዎ ድምፅ «ቪድራ ነኝ፤ ውሃው እየመጣ ነው፤ ወደ ላይ ውጡ» ይላል። በፍላሽ እየገለበጥኩ፣ የአውሬዋን ምስል እየለጠፍኩ፣ ለየመንደሩ አደልኩ። ማዘጋጃ ቤቱ እውነተኛዎቹን ልግዛ እያለ ሲሰበሰብ ሲበተን እኔ በየድልድዩ ሥር ነበርኩ። አዎ፣ ላዝ የሚባል መንደር ያለችው ሣጥን አንድ ቀን በከንቱ ጮኸች። ሰዉ አሳማውን እየነዳ ኮረብታ ወጣ፣ ተመልሶ ወረደ። ምን ይጠበስ? ማን ሞተ?

ከዚያ ከጠበቃ ወረቀት መጣ። «ክብርት ወይዘሪት» ይላል! ክብርት ተብዬ አላውቅም፤ መጀመሪያ የሞት መርዶ መስሎኝ ነበር። «የተመዘገበ የንግድ ምልክታችንን፣ ስሙንና ምስሉን፣ ድምፁንም ጨምሮ ያንሱ፤ ካልሆነ ማሠራጨትዎን ያቁሙ።» ሥሩ ላይ ማን ፈርሟል? ራስትኮ። የድርጅቱ ሰብሳቢ።

በሚካኤል ቀን እናንተ ቤት ማን ተጠርቶ ያውቃል? በዓል አይጠራም፣ ይመጣል። በሩ ክፍት ነው፣ የመጣ ይበላል። እርስዎ ደግሞ ሰውን ካበሉ በኋላ ደጅ ላይ ጠበቃ አቁመው ኪሱን ያስፈትሻሉ። ወረቀቱን ያስነሱልኝ፤ ይቅርታም ይጠይቁኝ። በጽሑፍ።

ስታሻ

❖

ሮተርዳም፣ ፌብሩዋሪ 27

ለውድ ስታሻ፣

ምድጃችሁ አይጥፋ፣ ደጃችሁ እንግዳ አይጣ። ለእናትሽ ሰላምታዬን ንገሪልኝ። ለእናቴም።

ሌባ አላልኩሽም። ያልኩት «የሰው ስም ለብሶ መሄድ ከሌብነት አይሻልም» ነው። አሁን ተጽፎ ሳየው ያው ነው። ይቅርታ፤ ይኸው በጽሑፍ። ስልኩን የዘጋሁት ግን ሆላንድን ከነላሞቿ ስለሰደብሽ ነው።

ከአንቺ ጋር የማልከራከርበትን ላስቀድም። ኮዱ ያንቺ ነው። ስትወስጂው አልተሰረቅኩም፤ ስትቀይሪው አልተጎዳሁም። በአሮጌ ስልክ ማስሮጥሽን ሳይ ወንበሬን ወደ ኋላ ገፍቼ ተነሥቻለሁ፤ እኛ እዚህ ብዙ ሆነን አይቻልም ያልነው ነገር ነው።

አሁን የማታውቂውን ልንገርሽ። ላዝ ላይ በከንቱ የጮኸች ጊዜ የወረዳው ጋዜጣ «ቪድራ ዋሸች» ብሎ ጻፈ። ወንዙ በሚወርድበት ከተማ አንድ መዋዕለ ሕፃናት አለ፤ ከውሃው ዳር። እዚያ ያለው ሣጥን የእኛ ነው፣ እኛ የፈተሽነው፣ በትክክል የሚሠራ። ዳይሬክተሯ ጋዜጣውን አንብባ ገመዱን ነቀለችው። ሣጥኑ ዝም ሲልብን ደወልንላት። «ውሸታም አውሬ ሕፃናት ክፍል ውስጥ አላኖርም» አለችን። የላዙ የሌላ ሰው ሥራ ነው ብንላት «ምስሉ አንድ፣ ድምፁ አንድ፤ እኔ በምን ልለይ?» አለች።

ስም ማለት ለእኛ ይኼ ብቻ ነው። ይህን የላክነው እኛ ነን፣ ከተሳሳትን የእኛን በር አንኳኩ ማለት ነው። ሌላው ሁሉ ለሁሉ ነው፤ ስሙን ግን ለሁሉ ከሰጠነው ማንም የሚያንኳኳው በር አያገኝም።

የሚካኤልን ቀን ያነሣሽው አንቺ ነሽ። እኛ ቤት በዚያ ቀን ስንዴ አይቀቀልም፤ ስንዴ ለሞተ ቅዱስ ነው፣ መልአኩ ሕያው ነው። ሌላ ቤት ያለች ሙሽራ ብትቀቅል ማን ይከለክላታል? ቤቷ ነው። ደጃችን ላይ ቆማ የእኛን ሻማ አብርታ «ይኼ የእነ ራስትኮ ቤት ሥርዓት ነው» ካለች ግን እናቴ መጥረጊያ ታነሣለች።

ጊዜው እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ነው፤ ለዘመድ ብዬ አላራዝምም። ሣጥኖቹን አታጥፊ፤ ይህን እለምንሻለሁ፣ ሜይ ከነጎርፉ ይመጣል። ስሙን ብቻ መልሺ።

ራስትኮ

❖

ብሬስት፣ ማርች 4

አጎቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው፤ እግዜር ደግ ደጉን ያሰማዎት። (ይኼንን እናቴ ሳትነግረኝ ነው የጻፍኩት።)

ስለ ሕፃናቱ ማንም አልነገረኝም ነበር። ደብዳቤዎን አንብቤ ጓሮ ወጣሁና እንጨት ፈለጥኩ። እናቴ «ምን ሆነሽ?» ስትለኝ «እንጨት አልቆብን» አልኳት። አላለቀብንም።

ከዚያ ላዝ ሄድኩ። ድልድዩ አጠገብ ያለው ኦብራድ፣ ባለትራክተሩ፣ ገና ሲያየኝ «ኧረ መጣች! ሚስቴ፣ አሳማዎቹን አሰልፊ!» ብሎ ጮኸ።

«ሣጥኑን ልከፍት ነው የመጣሁት።»

«ክፈቺው እንጂ። ውስጡ ከዚህች ሴትዮ ምላስ የከፋ ነገር አይኖርም።»

ሚስቱ ከመስኮት «አንተን ብቻ ውሃው ወስዶህ አሳማዎቹ በቀሩልኝ!» አለች።

ድልድዩ ሥር ተንጠልጥዬ መለኪያዋን ሳይ ምን ባይ ጥሩ ነው? ሸረሪት። አፏ ላይ ድር አድርታባታለች፤ ጤዛ ይዞ እንደ ጨርቅ ወፍሯል። የተላከው ድምፅ ውሃው ጋ ሳይደርስ ድሩን ነክቶ ይመለሳል፤ ሣጥኑ ደግሞ ውሃው አፍንጫዬ ሥር ደረሰ ብሎ ያብዳል። ከጣቴ የምታንስ ሸረሪት አንድ መንደር ከነአሳማው ኮረብታ አወጣች፣ ከዚያ ሄዳ ከተማ ያለ የሕፃናት ሣጥን ነቀለች። ቁጭ ብዬ አየኋት። አልገደልኳትም። እሷ ምን አጠፋች፣ ቤቷን ነው የሠራችው።

በማግስቱ በአውቶቡስ ወደ ከተማ ወርጄ ለዳይሬክተሯ «የላዙ የእኔ ነው፤ የእናንተው ጤነኛ ነው፤ ይሰኩት» አልኳት።

«አንቺ? ስንተኛ ክፍል ነሽ?»

«ክፍል የለኝም።»

ከዚያ ሰካችው። ልጆቹ የአውሬዋን ምስል «ደህና መጣሽ» እያሉ በጣታቸው ይነኩ ነበር። እኔ ምን እንደሆንኩ አላውቅም፣ በፍጥነት ወጣሁ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር እርማቴ አለ። ውሃ ይንቀሳቀሳል፤ ድር ቀጥ ይላል። የሚመለሰው ድምፅ ምንም ካልተንቀሳቀሰ ሣጥኑ ከመጮኹ በፊት «ሂዱና አፌን ጥረጉልኝ» ይላል። ከፈለጋችሁ ውሰዱት፤ አትጠይቁኝ።

ስሙን ግን! «ቪድሪጻ» ልበላት? ትንሿ ቪድራ። ቆንጆ ነው፣ ሰዉም አይደነግጥም። እናትዎ ግን ከወዲሁ ደንግጠዋል። ከሰጠኋቸው ሣጥን ላይ ምስሉን ልልጥ ወፍጮ ቤታቸው ሄጄ ድምፁንም እንደምቀይር ስነግራቸው በእርግጥ መጥረጊያ አነሡ።

«ልጄን ከቤቴ ልታወጪብኝ ነው?»

«እማማ፣ ድምፁ ነው እንጂ እሳቸው አይደሉም።»

«ታዲያ ሌላ ምኑ አለኝ? ሂጂ ከፊቴ፣ አንቺ ከትምህርት ቤት የተባረርሽ!»

ያን ቀን ምስሉን ሳልልጥ ወጣሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅ። በእኛ አገር ስም የሚያወጣ የክርስትና አባት ነው፤ ወላጅማ ቤት ቁጭ ብሎ ነው የሚሰማው። ይቺን ልጅ የወለድኳት እኔ ነኝ። የክርስትና አባት ይሁኗት። ይኼ እምቢ እንደማይባል ያውቃሉ።

ስታሻ

❖

ሮተርዳም፣ ኤፕሪል 8

ለውድ ስታሻ፣

በጾሙ ጽናት፣ በትንሣኤውም ደስታ ይስጣችሁ። ስለዘገየሁ ይቅርታ። የዘገየሁት በአንቺ ምክንያት ነው።

ደብዳቤሽን ለቦርዱ አነበብኩት። አንዷ አባል «የስማችን ጠባቂ አንተ ነህ፤ የተቀዳብንን ነገር ስም አንተው ልታወጣለት?» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኛ አገር የክርስትና አባትነት የተጠየቀ ሰው እምቢ እንደማይል ላስረዳቸው ሞከርኩ። እዚህ ሰው ልደቱ ላይ እንኳ ተጠርቶ ነው የሚመጣ፤ አልገባቸውም። በመጨረሻ ተስማማን፦ ከእንግዲህ አንቺን በሚመለከት ወረቀት ላይ አልፈርምም፤ ብትሳሳቺም ቢሳካልሽም ድምፅ አልሰጥም። የሰብሳቢነቱን ወንበርም እስከ ዓመቱ መጨረሻ ለሌላ ሰው ለቀቅኩ። በደስታ ነው የለቀቅኩት፤ እንዳታዝኚ።

«ቪድሪጻ»ን ጠበቃው አንብቦ ሳይጨርስ ሳቀ። አይሆንም። የጎረቤትን ልጅ ስም ጫፉን ቀይሮ መውሰድ ነው።

እርማትሽ ተነቧል፣ ተፈትኗል፣ ገብቷል። የፈተሸው ሸፊቁል ነው። «ሸረሪቶች እኛም ጋ አሉ። አመሰግናለሁ» ብሎ ጽፏል። እሱ ይህን ያህል ሲያወራ የመጀመሪያው ነው።

ስሙ «ዣባ» ነው። እንቁራሪት። የክርስትና አባት ያወጣው ስም አይመለስም።

ራስትኮ

❖

ብሬስት፣ ኤፕሪል 12

እንቁራሪት?!

እንደምን ሰነበቱ፣ እግዜር ያክብርዎት፣ እንቁራሪት?! ሰው አንበሳ ይላል፣ ንስር ይላል! ስሙን ጮክ ብዬ ሳነበው እናቴ የያዘችውን ሳህን አስቀምጣ ነው የሳቀችው። «ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ማን ነው የሚጮኸው?» አለችኝ። «ማንም ሳይጠይቃት፣ ሌት ከቀን፣ ጎረቤቱ ሁሉ እስኪሰለች? ሰውዬው አንቺን በደንብ አውቆሻል።» ቆይቼ ቆይቼ እኔም ሳቅኩ። ግን ተቆጥቻለሁ፤ ይመዝገብልኝ።

ምስሉን ራሴ ሣልኩት፤ አፏን የከፈተች አረንጓዴ እንቁራሪት። ድምፁንም ራሴ ቀዳሁት። «ዣባ ነኝ። ውሃው እየመጣ ነው። ወደ ላይ ውጡ። ከተሳሳትኩ ብሬስት መጥታችሁ ስታሻን አንኳኩ።» የመጨረሻውን እኔ ጨመርኩት። እርስዎ በሩን አሳዩኝ፣ በር አቆምኩ። ቪድራን ከሁሉም ሣጥን ላይ፣ ከፍላሾቹም፣ ላጥኩ። ስሙን መልሻለሁ አጎቴ። ጠበቃዎ ይተኛ።

ኦብራድ ባየኝ ቁጥር እንደ እንቁራሪት «ኳ ኳ» ይላል። ሕፃናቱ ሁሉ ለምደውታል፤ መንገድ ላይ ኳ ኳ እየተባልኩ ነው የምሄደው። ይበሉ።

ግን አንድ ነገር ልንገርዎ፤ እንዳይስቁ። የእርማቱን መዝገብ ከፍቼ አየሁ። ከሸፊቁል ስም ሥር የእኔ ስም አለ። ከሥሩ ደግሞ የተቀበሉት ወንዞች። ስማቸውን ማንበብ የማልችላቸው ወንዞች! አሁን የሆነ አገር፣ የሆነ ድልድይ ሥር፣ ሸረሪት ድር ስታደራ ሣጥኑ አይደነግጥም፤ ከፊዚክስ ክፍል በተባረረች ልጅ ምክንያት። ያቺ ሸረሪት አታውቀኝም፣ ድልድዩ አያውቀኝም፣ እዚያ ቤቱ የተኛው ሰው አያውቀኝም። እጄን አየሁት። ያው ድሮ የማውቀው እጅ ነው፣ ጥፍሩ ሥር ጭቃ አለ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጉልላቱ ሥር ቀና ብዬ ስቆም የሚሰማኝ ነገር ተሰማኝ፣ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ድንች አጠገቤ እየተላጠ።

አሁን ከባዱን። እናትዎ የዣባን ምስል ልጠው ምድጃ ውስጥ ከተቱት። «እንቁራሪት የጭቃ ፍጥረት ናት፣ ሲዘንብም ሳይዘንብም ትጮኻለች» አሉኝ። ከዚያ ቁጭ ባልንበት ስለ ባላቸው ነገሩኝ። እኔ ሕፃን ሳለሁ ስለመጣው ስለዚያ ትልቁ ጎርፍ። ላሟን ልፍታ ብለው ወርደው በዚያው እንደቀሩ፣ ማንም እንዳላስጠነቀቃቸው። አባትዎ ናቸው! ቪድራን ለምን እንደሠሩ ይኼን ሁሉ ጊዜ ስጮህብዎ ለምን አልነገሩኝም? እኔኮ ስለ አንድ አውሬ ምስል የምንጣላ መስሎኝ ነበር።

ይደውሉላቸው። ይምጡም። እማማ ዴሳንካ «ልጄ በሣጥን በኩል ብቻ ነው የሚያናግረኝ፤ እሱንም ወሰዳችሁብኝ» ይላሉ።

ስታሻ

❖

ሮተርዳም፣ ሜይ 2

ለውድ ስታሻ፣

ሰላምና ጤና ከእናንተ አይራቅ።

የነገረችሽ እውነት ነው። እኔ ልጽፈው ስሞክር ኮድ ሆኖ ነው የሚወጣው። ያ ቤት በር ላይ መቆም እስካሁን አልቻልኩም።

እናቴን አትጫኛት። እደውላለሁ።

ምስልሽን አየሁት። አፏ በጣም ተከፍቷል። እንደዚያው ይቆይ።

ራስትኮ

❖

ብሬስት፣ ሜይ 16፣ ከሰዓት በኋላ

ሰላምታ የለም። ደወልኩ፣ ደወልኩ፣ ደወልኩ፤ ስልክህ ዝግ ነው። ቢሮህ ያለችው ሴትዮ «ስብሰባ ላይ ናቸው» አለችኝ። ይህን በኢሜይል እየላክሁላት ነው፤ አትማ እጅህ ላይ ታስቀምጥልሃለች። አንተ እያልኩህ ነው፤ በኋላ ትቆጣኛለህ።

ዝናቡ አላባራም። ዛሬ ጠዋት መጀመሪያ ተራራው ሥር ያለችው ዣባ ጮኸች። ቀጥላ የድንጋይ ድልድይዋ። ቀጥላ የላዟ። ድልድያችን ላይ ቆሜ ነበር። አጎቴ፣ ድምፁ ከውሃው ቀድሞ ሸለቆውን ሲወርድ ሰማሁት፤ አንዷ ለሌላዋ እያቀበለች፣ ሁሉም በእኔ ድምፅ፣ መንደር በመንደር፤ ወንዙ ራሱ አፍ አውጥቶ «እየመጣሁ ነው» የሚል ነው የሚመስለው። እኔው የሠራሁት ነገር ነው፤ ግን የድልድዩን መደገፊያ ጨብጬ ያዝኩ። ከዚያ ውሃው መጣ። ቡናማ ነው፣ አጥር ይዟል፣ የሰው በር ይዟል። ጩኸቱ የከባድ መኪና ነው። እንደዚህ ያለ ነገር አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት፤ ያኔም ሕፃን ነበርኩ።

ላዝ ወጥቷል። ኳ ኳ እያሉ፣ እየሳቁ፣ አሳማቸውን እየነዱ፣ ግን ወጥተዋል። ኦብራድ ትራክተሩ ላይ አሮጊቶችን ጭኖ «የዛሬዋ ከተሳሳተች ስታሻን ነው የምንጠብሳት» ይል ነበር። አሁን አይልም። ቤቱ እስከ መስኮቱ ውሃ ገብቶበታል። ከተማ ያለችው የሕፃናቱ ሣጥንም ተናግራለች፤ የእናንተዋ፣ እውነተኛዋ። ልጆቹን አውጥተዋል፤ ዳይሬክተሯ ራሷ ደውላ ነገረችኝ።

ብሬስትም ወጥቷል። እናትህ ግን አልወጡም።

ወፍጮ ቤቱ ከወንዙ ማዶ ነው፤ ታውቀዋለህ። ሄድኩ። በሩን ከውስጥ ቆልፈውታል። በመስኮት ነው ያወራነው።

«እማማ፣ ዣባ ጮኻለች! ይውጡ!»

«እንቁራሪት ስትጮህ ቤቱን ጥሎ የሚሄድ ማን ነው?»

«ውሃው አጥርዎ ላይ ደርሷል!»

«አጥሬ ላይ ሁልጊዜ ይደርሳል። ልጄ ቢሆን ይነግረኝ ነበር። እሱ ሳይነግረኝ የትም አልሄድም፤ ባሌም ማንም ሳይነግረው ነው ወጥቶ የቀረው።»

በትራክተሩ ያመጣኝ ኦብራድ በሩን ልስበር ሲል መጥረቢያ አሳዩት። መቼም አልቀለዱም። ስደውልላቸውም አያነሡም፤ ያንተ ቁጥር ካልሆነ ያንን ስልክ አይነኩትም፤ እሱ ደግሞ ካልጮኸ ቆይቷል። እደውላለሁ ብለህ ጽፈህ ነበር፤ አሁን ለዚያ ጊዜ የለኝም።

ስሙን ብቻ መልሺ አልከኝ። መለስኩ። የእሳቸው እምነትም ከስሙ ጋር አብሮ ተመለሰ፤ እሱን ለኔ ትተህልኝ አልሄድክም። አሁን ስሙም አንተ ጋ ነው፣ ድምፁም አንተ ጋ ነው።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ በደንብ ስማኝ። ያ አሮጌው ያንተ ድምፅ ኮምፒውተሬ ውስጥ አለ። «ቪድራ ነኝ፤ ውሃው እየመጣ ነው።» አልደመሰስኩትም፤ ካሠራጨሁት ሁሉ ላጥኩት እንጂ አልደመሰስኩትም። እሳቸው ቤት ያለችውን ሣጥን ከዚህ ሆኜ ላናግራት እችላለሁ። ጣቴ እላዩ ላይ ነው። እስካሁን ያልነካሁት ለጠበቃህ ፈርቼ አይደለም። አንተ ያላልከውን ነገር በአንተ ስም አንድ ጊዜ ካስወራሁ፣ ነገ እናትህ በምን ይለያሉ? ያቺ የመዋዕለ ሕፃናቱ ሴትዮ በምን ትለይ? ይኼን ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ ገብቶኛል፤ እስከ አጥንቴ ገብቶኛል። ግን ሴትዮዋ እዚያ ሰምጠው ስሙ ንጹሕ ሆኖ ቢተርፍ ስሙን ምን ልናደርገው ነው?

ስለዚህ አንተ በራስህ አፍ ንገራቸው። ከስብሰባው ተነሥ። ለእናትህ ደውል፤ ሌላ ምንም አትበል፣ ይቅርታም ኋላ ይደርሳል፣ «እማ፣ እኔ ነኝ፣ ውሃው መጥቷል፣ በሩን ለኦብራድ ክፈቺለት» በል። ኦብራድ ትራክተሩን ሳያጠፋ ድልድዩ ጫፍ ላይ ቆሟል። ድልድዩ ይንቀጠቀጣል፤ ከጨለመ በኋላ አልሻገርም ብሏል፣ አልፈርድበትም፣ ልጆች አሉት። የተራራው ትልቁ ውሃ ገና አልደረሰም፤ ላይ ያሉት ዣባዎች አሁንም እየጮኹ ነው።

ካልደወልክ እኔ ቪድራን አናግራታለሁ። ከዚያ በወደድከው ፍርድ ቤት ክሰሰኝ፤ ክብርት ወይዘሪት በለኝ፤ እመጣለሁ።

ለእሳቸው ደውለህ ስትጨርስ ለእኔ ደውል፤ በሩን ከፍተው እንደሆነ ልወቅ። እዚህ ፀሐይ የለም፣ መቼ እንደምትጠልቅ ማየት አልችልም፤ ብቻ ብርሃኑ እየቀነሰ ነው። ሳይመሽ ደውልልኝ። ሰማህ? ሳይመሽ!